ሴቶችና የሳይንስ ምርምር፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሙላጎ



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ጥያቄ ይዘው ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። ልጃቸው እዚሁ ኡጋንዳ ውስጥ የኤስ ፎር ፈተና ወስዳ ጥሩ ውጤት አግኝታለች። አሁን ለኤስ ፋይቭ የምትይዘውን የትምህርት ዓይነት መምረጥ አለባት፤ እሷም ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ካልሆነ ብላለች። የእናትየው ልብ ግን ለሁለት ተከፍሏል። «ሐኪም እሆናለሁ ብትለኝ ይገባኝ ነበር» አሉን፤ «እሷ የምትለኝ ተመራማሪ ነው። ተመራማሪ ምን ሠርቶ ይበላል? ያውም ስደተኛ፣ ያውም ሴት ልጅ!» እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች እያስረከቡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። አንድ የቤተሰቡ ወዳጅ ከውጭ አገር የትዳር ጥያቄ ይዞላቸው መምጣቱንም አልደበቁንም።

በዚያን ቀን ሻይ አቀረብንላቸው እንጂ አጥጋቢ መልስ አልሰጠናቸውም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን መልሳችን ነው። ሌሎችም ወላጆችና ልጃገረዶች ተመሳሳይ ጥያቄ እንደሚኖራቸው ስለምናምን ለሁሉም እንዲሆን አድርገን አዘጋጅተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምርምር ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን «ሳይንስ» ሲባል ነጭ ካፖርት የለበሰ ፈረንጅ በዓይነ ኅሊናችን ይመጣብናል። ነገሩ ግን ከዚያ ይቀርበናል። እኚያው እናት በጨዋታ መካከል እንዲህ አሉን፦ አገር ቤት ሳሉ ሊጡ ሦስት ቀን ካልቆየ አይበስልላቸውም ነበር፤ እዚህ ካምፓላ ግን በሁለተኛው ቀን ኩፍ ብሎ ይደርሳል፤ ሦስተኛ ቀን ካሳደሩት እንጀራው ይኮመጥጣል፣ ዐይኑም ይጠፋል። ጤፍ ሲወደድባቸው ደግሞ ዳጉሳ ይቀላቅላሉ፤ ምን ያህል መቀላቀል እንዳለባቸው ግን እስከ ዛሬ በግምት ነው።

እነሆ የምርምር ጥያቄ ማለት ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ካምፓላ ትሞቃለች፤ እርሾውን የሚያነሡት ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮችም በሙቀት ይፈጥናሉ። ውኃ እንኳ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲፈላ እዚህ 96 ዲግሪ ገደማ ድረስ መሞቅ አለበት፤ አብሲት ለሚጥል ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። አንድ ባለሙያ ይህን ቢያጠና መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለት እኩል ባልዲ ያዘጋጃል። በሁለቱም ያው ዱቄት፣ ያው ውኃ፣ ያው እርሾ፣ በሚዛን ተለክቶ ይገባል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ለምሳሌ አንዱን ባልዲ በጥላ፣ ሌላውን ምድጃ አጠገብ ያስቀምጣል። ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ግን ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሰዓቱን ይጽፋል፤ ያየውን ይጽፋል፤ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመውም ሳይደብቅ ይጽፋል። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደግማል። በመጨረሻም ሌላ ሰው በራሱ ቤት ሞክሮ እንዲያረጋግጥ ወይም እንዲያፈርስ የሠራውን ሁሉ ግልጽ አድርጎ ያወጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሌለ ምርምር አልተባለም፤ የቤት ምሥጢር ነው።

(በነገራችን ላይ ዳጉሳ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ተመራማሪዎች ዳጉሳ መጀመሪያ የተለመደው ከምዕራብ ኡጋንዳ እስከ ኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ባለው ምድር እንደሆነ ይናገራሉ። እኛ ሳንሰደድ በፊት እህላችን ዘመድ ነበረው ማለት ነው።)

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ

ዶክተር ሰገነት የተወለዱት ጎጃም ውስጥ ፍኖተ ሰላም ነው። የገበሬ ልጅ ናቸው። እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ ውኃ ቀድተዋል፣ እንጨት ለቅመዋል፣ አርመዋል፣ የቤተሰቡን ምርት ገበያ አውጥተው ሸጠዋል። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር ነበር። እሳቸው ግን እልኸኛና አልታዘዝ ባይ ስለነበሩ ለመዳር እንዳስቸገሩ ራሳቸው ተናግረዋል። በልጅነታቸው አንበጣ መጥቶ የመንደሩን ሰብል ሲያወድም ማየታቸውም ወደ ግብርና ሳይንስ እንዳዘነበላቸው ገልጸዋል። ከአካባቢያቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆኑ ይነገርላቸዋል።

በ1979 በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ከነበረው ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተመረቁ። ዘመኑ ምን ዓይነት እንደነበረ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ከዚያ አሜሪካን አገር ሄደው በ1985 ከሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በ1989 ደግሞ ከካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ሙያቸው የዕፅዋት በሽታ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ በ1992 ኮሎምቢያ ወደሚገኘው ሲያት ወደተባለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ማዕከል ተቀጠሩ፤ እዚያም አሥራ አምስት ዓመት ቆዩ።

ሥራቸውን በመጠኑ ዘርዘር አድርገን እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሽልማታቸውን ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ ለተማሪ አይጠቅምም። ብራኪያሪያ የሚባል የከብት መኖ ሣር አለ። የትውልድ አገሩ አፍሪካ ነው። ወደ ደቡብ አሜሪካ ተወስዶ በተለይ በብራዚል በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሄክታር ላይ ተዘርቶ የከብት እርባታቸው መሠረት ሆነ፤ አፍሪካ ውስጥ ግን እንደ ዱር ሣር ተትቶ ቀረ። ዶክተር ሰገነት ያጠኑት አንዱ ነገር በዚህ ሣር ውስጥ ሣሩን ሳይጎዱ ተደብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን ፈንገሶችንና ባክቴሪያዎችን ነበር። እነዚህ ነፍሳት ቤት ኪራያቸውን የሚከፍሉ ተከራዮች ናቸው ብንል አያስኬድም? ሣሩ ያስጠጋቸዋል፤ እነሱም ሣሩ በሽታንና ድርቅን እንዲቋቋም ይረዱታል። ይህን ለማወቅ ግን ነፍሳቱ ያሉበትንና የሌሉበትን ሣር ጎን ለጎን ተክሎ ማወዳደር ያስፈልጋል። የባልዲዎቹን ነገር አስታውሱ።

በ2007 ዶክተር ሰገነት የደላ ሥራቸውን ትተው ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ ናይሮቢ የሚገኘውን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የባዮሳይንስ ማዕከል መምራት ጀመሩ። ከብዙ አገር የመጡ ወጣት አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በዚያ ላቦራቶሪ ሠርተዋል። ብራኪያሪያውም ተሻሽሎ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ ኬንያ ውስጥ አነስተኛ የወተት ከብት ያላቸው ገበሬዎች ዘርተውት ላሞቻቸው ወተት እንደጨመሩላቸው ተናግረዋል። ባሕር የተሻገረው ሣርና ባሕር የተሻገረችው የጎጃም ልጅ ተያይዘው መግባታቸው እኛን እንደ ተረት አስደስቶናል።

ከኅዳር 2013 እስከ 2023 ደግሞ ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ይህ ማዕከል በ1970 በኬንያዊው ሳይንቲስት በቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሴት ሲመራው እሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው። በናኪቫሌም ሆነ በሌላ ሰፈራ ጣቢያ በቆሎ የምትዘሩ አንባቢዎቻችን ከማዕከሉ ሥራዎች አንዱን ብታውቁ ትጠቀማላችሁ፤ «ግፋ-ሳብ» ልንለው እንችላለን። በበቆሎው መስመር መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይዘራል፤ ሽታው አገዳ ቆርቁርን ያባርራል፤ ሥሩ ደግሞ አቀንጭራን ያዳክማል። በማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ወይም ብራኪያሪያ ይተከላል፤ ተባዩ ወደዚያ ይሳባል። ገበሬው በቆሎውን ያድናል፤ ዙሪያውን ያለውን አጭዶ ለከብቱ ያበላል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ መድኃኒት የለበትም።

በ2014 ዶክተር ሰገነት የሎሪያልና የዩኔስኮን የሴቶች ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀብለዋል።

ከቤተሰቧ ጋር የተሰደደችው ልጅ

«ስደተኛስ?» ለሚለው ጥያቄ የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌን ታሪክ እናስቀድማለን። አባታቸው በግዕዝ ጥናት ዓለም ያወቃቸው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ገባ። ሶስና በዚያን ጊዜ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች።

ያቺ ልጅ በ1992 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ዲግሪ ያዘች። ከዚያ በካልቴክ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው አስተምረዋል። ምርምራቸው በነዳጅ ሴል ላይ ነው፤ ይህም ሃይድሮጂንንና ኦክሲጅንን አገናኝቶ ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ የሚያወጣ፣ ጢስ በማውጣት ፈንታ ውኃ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በመካከሉ ያለው ክፍል ብዙውን ጊዜ ውኃ እየጠጣ የሚሠራ ፕላስቲክ መሰል ነገር ስለነበር ሙቀት ሲበዛ ይደርቅ ነበር። ፕሮፌሰር ሶስናና ባልደረቦቻቸው በ2001 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ ጠጣር አሲድ የሚባል ጨው መሰል ንጥረ ነገር ሲሞቅ ውኃ ሳይፈልግ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ በፊት ይህን ንጥረ ነገር ለነዳጅ ሴል ሁነኛ ነው ብሎ የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር።

በእርግጥ አሜሪካ የገባ ልጅና እዚህ ያለ ልጅ ዕድላቸው እኩል ነው ብለን ልናታልላችሁ አንፈልግም። የአባትየው ትምህርትም ትልቅ ስንቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከቤቱ በጥይት የተባረረ ቤተሰብ ልጅን «ስደተኛ ነሽና ይቅርብሽ» የሚላት ሰው ቢሰማ ኖሮ ያ ሥራ ባልተሠራ ነበር።

እዚሁ ካምፓላ

ማኬሬሬ በ1922 ሲመሠረት ሴት የሌለበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። መፈክሩም «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበር። በ1945 የመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች ሲገቡ መፈክሩ አላስኬድ ስላለ «ለመጪው ጊዜ እንገነባለን» ወደሚለው ተለወጠ። ጥቂት ሴቶች በር ስለገቡ የአንድ ተቋም መፈክር ተለወጠ፤ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ደጋግመን አስበነዋል። በ1990 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለሴት አመልካቾች 1.5 ነጥብ መጨመር ጀመረ።

የካምፓላዋን ተወላጅ ዶክተር ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካን ብዙዎቻችሁ በሬዲዮ ሰምታችኋቸው ይሆናል። አባታቸው በ1972 በኢዲ አሚን ዘመን ተወስደው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ግላዲስ የሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ልጆቹን ለብቻቸው አሳደጉ። ግላዲስ በለንደን የእንስሳት ሕክምና ተምረው ተመለሱና የኡጋንዳ ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያዋ የዱር እንስሳት ሐኪም ሆኑ። በ1996 በብዊንዲ ደን የሚኖሩ ጎሪላዎች ቆዳቸው እየተላጠ፣ ፀጉራቸው እየረገፈ ሲቸገሩ ተጠሩ። በሽታው እከክ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ግልገል ሞተ፤ ሌሎቹ በመድኃኒት ዳኑ። እከኩ ከየት መጣ? በደኑ ዳር ያሉ ድሃ ገበሬዎች ወፍ ለመከላከል በማሳቸው ላይ ከሰቀሉት አሮጌ ልብስ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሰዎቹን ከደኑ ዳር አባርሩ ይል ነበር። እሳቸው ግን የሰዎቹ ጤና ካልተጠበቀ የጎሪላዎቹም እንደማይጠበቅ ተረዱ። ወደ መንደሮቹ ሄደው ያገኙትን ለነዋሪዎቹ በቋንቋቸው አስረዱ፤ መፍትሔውንም አብረው ፈለጉ። በ2003 የሰውንና የእንስሳትን ጤና አብሮ የሚጠብቅ ድርጅት አቋቋሙ፤ በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ከሸለማቸው ሰዎች አንዷ ሆኑ።

ከማኬሬሬ የተመረቁት ዶክተር ካትሪን ናካሌምቤ ደግሞ ከሳተላይት በሚመጣ ሥዕል የሰብልን ሁኔታ የሚያነቡ ተመራማሪ ናቸው። ካራሞጃ ውስጥ ድርቅ ሲጀምር ሰው ሳይራብ በፊት እንዲታወቅና ርዳታው እንዲደርስ ሥራቸው ረድቷል። በ2020 የአፍሪካን የምግብ ሽልማት ተጋርተዋል።

የሙላጎው ጥናት ግን ከሁሉም በላይ ልንቆይበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነገር ያስተምራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ600 በላይ ነፍሰ ጡር እናቶች የተሳተፉበት አንድ ጥናት በሙላጎ ሆስፒታል ተካሄደ። ከመሪዎቹ መካከል ዶክተር ላውራ ጌይና ኡጋንዳዊቷ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ፊሊፓ ሙሶኬ ይገኙ ነበር። ኔቪራፒን የተባለውን መድኃኒት እናቲቱ ምጥ ሲጀምራት አንድ ጊዜ፣ ሕፃኑም በተወለደ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ቢወስዱ፣ ለአጭር ጊዜ ይሰጥ ከነበረው ሌላ መድኃኒት ጋር ሲወዳደር የኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍ ወደ ግማሽ እንደሚቀንስ ታየ። ውጤቱ በ1999 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ ርካሽና ቀላል ስለነበረም በብዙ ድሃ አገሮች ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ በምትኩ እናቶች በየቀኑ የሚወስዱት የተሻለ ሕክምና መጥቷል፤ ስለዚህ በእርግዝና ላይ ያላችሁ እህቶች በጤና ጣቢያ የሚነገራችሁን ተከተሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ይህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያ ጥናት መዝገብ አያያዝ ተጠየቀ፤ አንዳንድ ነገሮች በሚገባ አልተመዘገቡም የሚል ክርክር ተነሣ። በ2005 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት መዝገቦቹን መርምሮ መደምደሚያው የሚታመን ነው አለ። ሥራው ዳነ፤ ነገር ግን በደብተር አያያዝ ምክንያት የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ያተረፈ ሥራ ለዓመታት ሲጠረጠር ቆየ። ልጆቻችንን ደብተራችሁን በሥርዓት ያዙ የምንለው ለመምህር ማርክ ብቻ አይደለም።

ሥራን ለሕዝብ ማውጣት

ተመራማሪ ያገኘችውን ጽፋ ወደ ሙያ መጽሔት ትልካለች። አዘጋጁ በዚያው ሙያ ላሉ ሌሎች ሰዎች ይሰጣል፤ እነሱም ስሕተት ይፈልጉበታል፣ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም ይመልሱታል። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ተመለሰብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው በዚህ ሙያ አይዘልቅም፤ አርሞ መላክ ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ነገሩ ለሚመለከተው ሰው መድረሱ ነው። ከኢትዮጵያ ሴቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት የዓለምፀሐይ መኮንን ከሠሯቸው ጥናቶች መካከል በእርሻ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጩ ሠራተኞችን የሚመለከት አለ። ረጪዎቹ ስለ መርዙ ምን ያውቃሉ? ምን ለብሰው ይረጫሉ? ይህ መልስ በሙያ መጽሔት ታትሞ ቢቀር ረጪው ሰውዬ ምን ይጠቅመዋል? ጓንት እንዲለብስ፣ ነፋስን ተቃርኖ እንዳይረጭ፣ ባዶውን ዕቃ ለመጠጥ ውኃ እንዳይጠቀምበት በራሱ ቋንቋ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ስደተኞች ይህን ከሌላው ሰው ይልቅ እናውቀዋለን። ስንቱ መጠይቅ ይዞ መጥቶብናል! ቤተሰብህ ስንት ነው፣ ምን በላህ፣ ማታ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ብሎ ጠይቆን፣ ፈርመን፣ ከዚያ የት እንደገባ ያላወቅነው ጥናት ስንት ነው? አንዳንዶቹ ውጤቱን ይዘው ተመልሰው ስብሰባ ጠርተው አስረድተውናል፤ እነሱን እናመሰግናለን። የብዙዎቹን ግን ፊት ዳግም አላየንም። ከመካከላችን የወጣች ልጅ መጠይቁን ይዛ ብትመጣ ኖሮ የትኛው ጥያቄ እናትን እንደሚያስደነግጥ፣ የትኛው ደግሞ ያለ ዕረፍት እንባ እንደሚያመጣ ታውቅ ነበር። ውጤቱንም ሳትመልስ ብትቀር እናቷ ገበያ ላይ ትጠየቅበታለች።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እናክላለን። በኡጋንዳ ሰውን የሚመለከት ጥናት ማካሄድ የሚቻለው ከሥነ ምግባር ኮሚቴና ከኡጋንዳ ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤት ፈቃድ ሲኖር ነው። መልስ ሰጪውም እምቢ የማለትና በመካከል የማቋረጥ መብት አለው፤ እምቢ በማለቱ ራሽንም ሆነ ሌላ ርዳታ አይጓደልበትም። ሥራችሁን ለሕዝብ ስታወጡ የሌላን ስደተኛ ስም፣ ፎቶግራፍና የመጣበትን ቀበሌ አታውጡ። አገር ቤት የቀረ ዘመድ አለ።

መንገዱ በተግባር

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ እንመለስ። በመጀመሪያ የኤስ ፋይቭ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። ታሪክና ጂኦግራፊ የመረጠች ልጅ ኋላ ወደ ሳይንስ ፋኩልቲ ልግባ ብትል በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የያዘች ግን ወደ ሕክምናም፣ ወደ ግብርናም፣ ወደ ላቦራቶሪ ሙያም መሄድ ትችላለች። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ሰፊውን በር መያዝ ይሻላል ባይ ነን።

ጊዜውንም አንደብቅም። እዚህ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይንስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት፣ ማስተርስ ሁለት ዓመት፣ ዶክትሬት ሦስትና ከዚያ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ግን ያለ ገቢ የሚያልፍ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት ልጅ በምርምር ረዳትነት፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት፣ በመረጃ ሰብሳቢነት መቀጠር ትችላለች። ኢንቴቤ የሚገኘው የኡጋንዳ የቫይረስ ምርምር ኢንስቲትዩት ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው፤ የዚካ ቫይረስ በ1947 የተለየው በዚያ ነው። ካዋንዳ ደግሞ የግብርና ላቦራቶሪዎች አሉ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ማወቅም በስደተኞች መካከል ለሚካሄድ ጥናት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በዓለም ላይ ከሦስት ተመራማሪዎች ሴቷ አንድ ያህል ብቻ መሆኗን ስናስብ ወንበሩ ገና ሞልቶ አልተያዘም።

ገንዘቡ ይከብዳል። የኡጋንዳ የ2006 የስደተኞች ሕግ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋው እኩል ያያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን የክፍያ ነገር ነው። ዳፊ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ስኮላርሺፕ ከ1992 ጀምሮ ስደተኞችን በሚኖሩበት አገር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ስሙ የተሰጠውም ራሱ ስደተኛ በነበረው በአልበርት አይንሽታይን ነው። ቦታው ጥቂት፣ አመልካቹ ብዙ ስለሆነ የማመልከቻው ጊዜ መቼ እንደሚወጣ ከትምህርት ቢሮው እየተመላለሳችሁ ጠይቁ። ለዶክትሬት ለደረሱ ደግሞ መቀመጫው ኢጣሊያ ትሪየስት የሆነው የታዳጊ አገሮች ሴቶች የሳይንስ ድርጅት በሌላ ታዳጊ አገር ለሚማሩ ሴቶች፣ በ2008 ናይሮቢ የተጀመረው አዋርድ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ለግብርና ተመራማሪ ሴቶች ድጋፍ ሲሰጡ ቆይተዋል።

ወረቀትን በሚመለከት፦ ከአገር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት ይዛችሁ የመጣችሁ በኡጋንዳ ብሔራዊ የፈተናዎች ቦርድ፣ የኮሌጅ ወይም የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ ያላችሁ ደግሞ በብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት በኩል አቻ ግምት ማሠራት አለባችሁ። ይህን ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ ያመልጠዋል። ዋናውን ቅጂ ለማንም አትስጡ፤ ፎቶ ኮፒ አስደርጉ።

ስለ ትዳሩም እናትየው ሐሳባችንን ጠይቀውናል። ትዳርን አንቃወምም፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ባለትዳር ነን። ነገር ግን የኤስ ሲክስ ፈተና ሁለት ዓመት ቢጠበቅ የማይጠብቅ ባል ምን ዓይነት ባል ነው? ይህን ለእሳቸውም ነግረናቸዋል። የመጀመሪያ ተርም ክፍያ እስኪሞላ ድረስ እንዳሰቡበት ነው፤ ልጅቷ ግን በዚህ መካከል ሥራ አልፈታችም።

በእናቷ ባልዲዎች ላይ የሊጡን ጥናት ጀምራለች። በአንዱ ባልዲ ጤፍ ብቻ፣ በሁለተኛው ከአራት እጅ አንድ እጅ ዳጉሳ፣ በሦስተኛው ግማሽ በግማሽ። ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የእንጀራውን ዐይንና ደንበኞች ያሉትን በደብተር ትጽፋለች። የመጀመሪያው ዙር ተበላሽቷል፤ ታናሽ ወንድሟ ሁለቱን ባልዲ አቀላቅሎባታል። ይህንንም ጽፋዋለች። በየሰፈሩ እንጀራ የምትጋግሩ እናቶች በራሳችሁ ቤት አብራችሁ ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ የዱቄቱን ልክ፣ ሊጡ የተቦካበትንና የተጋገረበትን ሰዓት ጽፋችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ላኩልን፤ መጻፍ የማትችሉ በልጆቻችሁ አስጽፉ። ሦስት ዙር ሲሞላ ውጤቱን፣ የተበላሸውንም ጨምረን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።